የተረፈው ቆዳ

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ በዚህ መጽሔት ስለ ፍቅርና ስለ ፈተና ብዙ ተጽፏልና ዛሬ ስለ እግር ብንጽፍ ቅር እንደማይላችሁ ተስፋ አለን። እግሩም የእናታችን ነው።

አገራችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከአውራው መንገድ ገባ ብሎ ነው። በርበሬና በቆሎ የሚያበቅለው ያ ቀይ አፈር እኛን አስተምሮናል፤ የእናታችንን እግር ደግሞ አሳብጧል። ሰው ዝሆኔ ይለዋል። የመንደሩ ሰው እባብ ረግጣ ነው፥ ውርጭ መትቷት ነው፥ ከዘር ነው ይል ነበር፤ እኛም ኮሌጅ እስክንገባ ድረስ የመጨረሻውን እናምን ነበር።

ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹ (በአውሮፓ አቈጣጠር) እዚሁ ኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር፥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣው የቀይ አፈር ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ሰርጎ ውሃ መሰሉን የሰውነት ፈሳሽ የሚመልሱትን ሥሮች እንደሚያውክ አስረዳ። ከዘር የሚወረስ ነገር ቢኖር ለአፈሩ መሸነፍ ነው፤ ከልጅነቱ ጫማ የለመደ ግን ይጠበቃል። በ2012 (በአውሮፓ አቈጣጠር) የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ከ15 ዓመት በላይ ከሆናቸው 100 ሰዎች 3ቱ ያኽሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው ይናገራል። እናታችን ብቻዋን አልነበረችም ማለት ነው። ሠርግ ቤት ግን ከዳሱ ጥግ ብቻዋን ትቀመጥ ነበር፤ እግሯን በነጠላ ሸፍና።

ሕክምናው ሲነገረን ቀልድ መሰለን። ማታ ማታ እግሯን በሳሙና ታጥባ ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ ትዘፈዝፋለች፤ የጣቶቿን መካከል ሳይቀር አድርቃ ቫዝሊን ትቀባለች፤ በፋሻ ትጠቀልላለች፤ ቀን ካልሲና ጫማ ታደርጋለች። ይኸው ነው። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ በ2018 (በአውሮፓ አቈጣጠር) የወጣው ጥናት፥ ይህን የመሰለ እንክብካቤ ከትኩሳት ጋራ የሚመጣውን ማገርሸት እንደሚቀንስ አሳይቷል። የእናታችንም እግር ከወር ወደ ወር ጐደለ። ዓመቱ ሲሞላ ግን ባዶ ስልቻ የመሰለ ቆዳ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ተንጠለጠለ፤ በጣቶቿም ላይ አራት ጠጣር እብጠቶች ቀሩ።

በዚያው ሰሞን ታናሽ እኅታችን ለጋብቻ ተጠይቃ ነበርና እኛ ወንድሞቿ ተሰብስበን «ይቈረጥ» አልን። ገንዘብም አዋጣን። (ለጫማ ሳናዋጣ ስንት ዓመት ኖረናል፤ ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።) እናታችን ዝም ብላ ካዳመጠችን በኋላ፥

«ሽማግሌዎቹ የሚመጡት እግሬን ሊያዩ ነው?» አለችን።

መልስ አልነበረንም። ቢሆንም ሐኪም ዘንድ ይዘናት ሄድን። ሐኪሙ ሁለቱን ነገር ለየልን። በጣቶቿ ላይ ያሉት እብጠቶች ጫማ አላስገባ ስለሚሉ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ቢወጡ ይጠቅማታል። ስለ ተንጠለጠለው ቆዳ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ ሰፊ ቆዳ ገፍፎ ሌላ የመለጠፍ ሥራ ቀድሞ ይሠራ እንደ ነበረ፥ ዳሩ ግን አፈር ዳግመኛ የነካው እግር ተመልሶ ሲያብጥ ከጠባሳው የተነሣ ሕመሙ ከፊተኛው እንደሚብስ ነገረን።

«ከአፈር መራቅ ይችላሉ?» ብሎ ጠየቃት።

እናታችን ሳቀች። ከደጃችን እስከ ወንዙ ድረስ አፈር ያልሆነ ነገር የለም።

ስንመለስ ታላቃችን ፍኖተ ሰላም ሲሚንቶ ወለል ያለው ቤት እንከራይላት ሲል፥ «ላሞቹስ?» አለችው። እብጠቶቹ ይውጡ፥ ቆዳው ይቅር ብላ ቈረጠች። እኛ ግን ገና እንከራከር ነበር። ካንድ ጐረምሳ የማይጠበቅ ነገር የለምና ከመካከላችን አንዱ «እንዲህ ሆነሽ ሰው ፊት ልትቆሚ ነው?» እስከ ማለት ደረሰ።

«እጥፋቱን በጨርቅ ማድረቅ እኔ ለምጄዋለሁ» አለች፤ «ያልለመዳችሁት እናንተ ናችሁ።»

እብጠቶቹ ወጡ፤ ቁስሉም ደረቀ። ሽማግሌዎቹ በመጡ ቀን ጠላ የቀዳችው ራሷ ናት፤ በካልሲና ከቡሬ ገበያ በገዛነው ሰፊ ሸራ ጫማ። ነገሩ አልቆ ሲወጡ አንደኛው ሽማግሌ ወደ ኋላ ቀረት ብለው ጫማውን የት እንደ ገዛችው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

«ለባለቤቴ ነው» አሏት።