የጅብ ሽንኩርት ያስተማረኝ ሰብር



ጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ከመቶ ተፈታኝ ያለፈው ሦስት ያህል ብቻ ነበር። እኔ ከወደቁት ነኝ። በዚያው ሰሞን እዚሁ አምቦ ውስጥ ቤት ስንቀይር እናቴ "ቁሉቢ ወራቤሳዬን ሳትነቅልልኝ አልሄድም" አለች። በአማርኛ የጅብ ሽንኩርት የምንለው፣ በክረምት ነጭ አበባ የሚያወጣው የአገራችን ተክል ነው። ትልቅ ሽንኩርት የሚመስለው ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ቆፍሬ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መርዛማ ስለሆነ ሕፃናት ከማይደርሱበት ጥግ፣ አንገቱን ከአፈር በላይ አድርጌ ተከልኩት።

ክረምት መጣ፤ ቅጠል ብቻ። በበጋ ደረቀ። ሁለተኛውም ክረምት እንደዚያው። ልጥለው ስል እናቴ "ተወው ልጄ፣ ቦታ ሲቀየርበት ያኮርፋል፤ ሥር እየያዘ ነው" አለችኝ።

እኔም አኩርፌ ነበር። "ስንት አመጣህ?" እንዳልባል ፈርቼ መስጂድ መሄድ ትቼ ነበር።

በሦስተኛው ክረምት፣ ለመግሪብ ውዱእ ሳደርግ ሽታው ቀደመኝ። አመሻሽ ላይ ነው የሚፈካው። ሱብሓነላህ! ሱረቱ አሽ-ሸርሕ ላይ የምቾት ተስፋ ሁለቴ መደገሙን አውቅ ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ማታ ነው። መግሪብን በጀመዓ ሰገድኩ። ስለ ውጤት የጠየቀኝ አልነበረም።

አሁን ሙያ ልማር ተመዝግቤያለሁ። ወንድሜ፣ እህቴ፦ አበባ ስላላየህ ሥር የለህም ማለት አይደለም። ከመስጂድ ብቻ አትራቅ።

አላህ ሰብሩን ይስጠን።