ጀርባዋ ያልገጠበ አህያ

ሰው አምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ በሰው ሞተር ላይ መፈናጠጥ የለበትም። እኔ ግን ተፈናጠጥኩ። ያውም በኔቫዳ በረሃ፣ አብሮ አደጌ ከፊት ሆኖ እየነዳ፣ እኔ ወገቡን አቅፌ፣ መጫኛው እንደላላ ዳውላ ወዲያ ወዲህ እያልኩ። ደባርቅና ዳባት ላይ ሃያ ዓመት የመንግሥት ሞተር የነዳሁ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። የክትባት ሣጥን ከኋላዬ አስሬ፣ በቧሂት ውርጭ አልፌ ጃናሞራ የገባሁ ሰው ነኝ። ይህን ሁሉ ባስረዳው፣ «እዚህ መንጃ ፈቃድህን ከበግ ቆዳ ለይቶ የሚያይልህ የለም» አለና የራስ ቁር አጠለቀልኝ። ወገቡን ሳቅፈው ከጃኬቱ ሥር እንደ ጣውላ ደረቅ ያለ ነገር ዳሰስኩ። ቁማር በልቶ ያገኘውን ገንዘብ የታጠቀ መሰለኝና ዝም አልኩ።

ላስ ቬጋስ የሄድኩት ቁማር ለመጫወት አይደለም። እንዲህ የሚል ሁሉ እንደሚዋሽ ያወቅኩት ግን ገና አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ነው፤ ሻንጣ ሳይወርድ የቁማር ማሽን ያጋጥማል። ሰዉ ሊሳፈር ተቀምጦ እንኳ ቁልፍ ይጫናል። እኛ አገር መንገደኛ ከመሳፈሩ በፊት ያማትባል። እነሱም ያው ማማተባቸው ነው ብዬ አለፍኩ።

አብሮ አደጌ በልጅነቱ ጎንደር በአታ አቋቋም ይማር ነበር። ጸናጽል ሲይዝ እጁ ለብቻው ነፍስ ያለው ይመስላል ይሉት ነበር። ያ እጅ ዛሬ ጥቁር ሰደሪያ ለባሽ ሆኖ፣ ከየአገሩ ለመጣ ሰው ካርታ እየበወዘ ያድላል። አንድ ማታ ልየው ብዬ ከጠረጴዛው ራቅ ብዬ ቆምኩ። እጁ አልተለወጠም። ካርታው እንደ ወረብ ከፍ ዝቅ ይላል። ፊቱ ግን የማኅሌት ፊት አልነበረም፤ ማንም ቢበላ ማንም ቢበላበት ግድ የሌለው ፊት ነው። እንደዚያ ሁኑ ተብለው ነው አሉ የሚሠለጥኑት።

አማርኛ ስለ ዕድል ሲያወራ ሆዱን አይረሳም። ቁማር ይበላል፤ የከሰረው ተበላ ይባላል። ገበጣ እንኳ የልጅ ጨዋታ ነው ሲባል የሚበላ አለበት። ዕጣ ግን አይበላም። ዕጣ ይወጣል፤ ሎተሪ ይደርሳል። ሁለቱን ለይቶ ያስቀመጠ ያ ያልታወቀ አባት ሁለቱም አንድ መሆናቸው ጠፍቶት አይመስለኝም፤ አንዱን ቤተ ክርስቲያን እንዳትነካበት ነው። አብሮ አደጌ ያኔ ዲቪ ሊሞላ ሲሰናዳ፣ «ኃጢአት አይሆንብህም?» ብለው፣ «ማትያስ በይሁዳ ቦታ የገባው በምን መሰለህ?» አለኝ። ለሐዋርያነት የበቃ ዕጣ ለአሜሪካ አያንስም ማለቱ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ በየዓመቱ እስከ 55,000 ቪዛ በዕጣ እንዲታደል ፈቅዷል። በየጥቅምቱ ፒያሳ ያሉት ፎቶ ቤቶችና ኢንተርኔት ቤቶች በር ላይ ጎንደሬ ተሰልፎ ጆሮው እንዲታይ ፀጉሩን ወደ ኋላ ሲያስተኛ የኖረው ለዚህ ነው። እኔም ስድስት ጊዜ ሞልቻለሁ። እሱ በመጀመሪያው ደረሰው።

ደረሰው የሚለውን ቃል እንግዲህ ልብ በሉት። የደረሰው ሰውየው አይደለም፤ ዕጣው ነው። ሰውየው ገና መንገድ ሊጀምር ነው።

እንዲህ የደረሳቸው ሰዎች ላስ ቬጋስ ሞልተዋል። ታክሲ የሚነዳው፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድለው፣ ሆቴል ክፍል የሚያነጥፈው፣ ሽሮ ቤት የከፈተው። የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር በ2023 እ.ኤ.አ. ዲኬተር በሚባለው ጎዳና አካባቢ ያለውን ሠፈራቸውን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ሰይሞላቸዋል። እዚያ ሁለት ጊዜ ቡና ጠጣሁ። ቁማር የሚጫወት አበሻ አገኛለሁ ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ሌላውን ጠቆመኝ። አብሮ አደጌ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንዲት ሳንቲም ማሽን ውስጥ እንዳልጣለ ምሎ ነገረኝ። ባለ ጠላ ቤት ጠላ አይጠጣም እንደማለት ነው። ወይም ደግሞ አንድ ጊዜ የደረሰው ሰው ሁለተኛ መጠየቅ ያፍር ይሆናል።

ከተማውንም አሳይቶኛል፤ ረጅም አላወራበትም። ጎንደሬን ግንብ አሳይቶ ማስደነቅ ከባድ ነው። ኤክስካሊበር የሚባል በግንብ አምሳል የተሠራ ሆቴል አለ፤ በ1990 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ወደ 4,000 ክፍል ያለው። አፄ ፋሲል 4,000 ክፍል ምን ያደርግላቸዋል? ጠጋ ብዬ ግድግዳውን በጣቴ አንጓ አንኳኳሁት፤ እንደ ከበሮ ጮኸ። አብሮ አደጌ አፈረና ክንዴን ይዞ ወሰደኝ።

የሚገርመው ይህን ከተማ በትክክል የተረዱት እማማ ብቻ መሆናቸው ነው። እማማ የሚስቱ እናት ናቸው፤ ከዳባት የመጡ፤ ሰባ ምናምን ዓመታቸው ነው። ላስ ቬጋስን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «ቆላው» ነው የሚሉት። እውነትም ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመተማ ጋር ይቀራረባል፤ ሙቀቱም እንደዚያው። ለዳባት ሰው ቆላ ማለት ደግሞ የታወቀ ነገር ነው። ወንድ ልጅ ሰሊጥ ሊያርም፣ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማና ሁመራ ይወርዳል። ገንዘብ ይዞ ይመለሳል፤ ወይም ወባ ይዞ ይመለሳል፤ ወይም ሁለቱንም፤ አንዳንዱም ቀረ ይባላል። እማማ እንደመጡ ልጃቸውን ለብቻ ጠርተው «ወባ አለ?» ብለው ጠይቀዋታል። የለም ስትላቸው አላመኑም። አማቻቸው ሌሊት ሠርቶ ቀን ሲተኛ ሲያዩ ያስተኛው ወባ ነው ብለው ነጭ ሽንኩርት ይወቅጡለታል።

ሞተሩን የገዛው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ለምን ብለው፣ «ሊማሊሞ ናፈቀኝ» አለኝ። ዕረፍት የተሰጠው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ እኔ የሞተር ሽርሽር ስል አንድ ሳምንት ሳልም ከርሜ። በዚያች አንድ ቀን የዚህን አገር ሊማሊሞ ሊያሳየኝ ተነሳን።

ወደ ደቡብ በሰርችላይት በኩል ላፍሊን እስክንደርስ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ሰው አልባ ነው። እረኛ የለም፣ አላፊ የለም፣ «ወዴት ነው?» የሚል የለም። ላፍሊን ደግሞ ሌላ የቁማር ከተማ ነች፤ ኮሎራዶ ወንዝ ዳር የተቀመጠች። ድልድዩን ስንሻገር ከፊታችን የነበሩት ሞተረኞች ጠርዝ ይዘው ቆሙና ሁሉም የራስ ቁራቸውን አወለቁ። ቤተ ክርስቲያን ያለ መስሎኝ እኔም ላወልቅ አልኩ። ነገሩ ለካ ሌላ ነው። ከወንዙ ወዲህ ማዶ ኔቫዳ ነው፤ ሞተረኛ ራሱን መሸፈን ግዴታው ነው። ወዲያ ማዶ አሪዞና ነው፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ከሆንክ ጭንቅላትህ የራስህ ጉዳይ ነው። ከተከዜ ወዲህና ወዲያ ሕግ ሲለያይ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም፤ አለፍኩት። እኛ ሳናወልቅ ቀጠልን።

አቀበቱ ላይ ሞተሩ ሳል ጀመረው፤ ከዚያ ቀጥ አለ። አብሮ አደጌ ወርዶ በርግጫ አለው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው፤ ተጨማሪ ዕረፍት ከከለከለው አለቃው ጋር በስልክ ሲነጋገር ጠዋት ሰምቼዋለሁና። ከዚያ ሁለታችንም ተንበርክከን የሞተር ሐኪም ሆንን። እኔ ካንዴላው ነው አልኩ። እሱ ፍሪሲዮኑ ነው አለ። ማርሚታውንም ነካካን። ይህን ስንል አምስት ስድስት ሞተረኞች አጠገባችን ቆሙና አንዱ ሽበታም፣ «ካንዴላ?» አለ ዓይኑን አፍጥጦ። እኔም «ካንዴላ» አልኩት። «ፍሪሲዮኔ?» «አዎ፣ ፍሪሲዮን።» «ማርሚታ?» ሲስቅ ጉልበቱን ያዘ። ጣሊያኖች ናቸው፤ ሞተር ተከራይተው የዱሮውን መንገድ 66 ሊያዩ የመጡ። የት ነው የተማራችሁት ሲለን፣ አብሮ አደጌ «ጎንደር» አለው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ምን ይባላል? ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ገና ጣሊያን እጅ ነበረች። ጄኔራል ናሲ እዚያው መሽጎ ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ቆየ፤ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ ጣሊያን የመጨረሻ የወጣው ከኛ ከተማ ነው ማለት ነው። ሲወጣ የፒያሳን ሕንፃ ሊሸከም አልቻለ፣ መንገዱን ሊጠቀልል አልቻለ፣ ቃሉንም ትቶት ሄደ። ሊማሊሞን ያላየ ሰው ስለ መንገድ አያውራ። ደባርቅ ላይ ጋቢ ደርበህ ትነሳና፣ ገደሉ ወገብ ላይ እንደ ተጠመጠመ መቀነት እየዞርክ እየዞርክ፣ ወደ አዲ አርቃይ ስትወርድ ሸሚዝህን ትፈታለህ። ያን ገደል ቆርጦ መንገድ ያወጣ ወራሪ ነው። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ወርጃለሁ! አንድም ቀን ሳልረግመው፣ አንድም ቀን ሳላመሰግነው። ከመንገድ ጋር እንጂ ከሠራው ጋር ምን አለኝ እላለሁ፤ ማታ ደግሞ አያቴ ትዝ ይሉኛል። አሁን ሽበታሙ ካንዴላውን መልስልኝ ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ? እኔ ይህን ስፈላሰፍ ሰውየው የነዳጁን ክዳን ከፍቶ አየና፣ «ቤንዚና!» አለ። ነዳጅ አልቆብን ነው። ከሞተራቸው ጎን ከታሰረች ጀሪካን ቀድተው ሰጡን። ገንዘብ አልተቀበሉም።

ወዲያ ወርደን ኦትማን ገባን። አንድ መንገድ ብቻ ያላት የእንጨት ከተማ ነች። በ1915 እ.ኤ.አ. ወርቅ ተገኘባት፤ ሰው ጎረፈ። በ1942 እ.ኤ.አ. መንግሥት ለጦርነት ወርቅ አያስፈልግም ብሎ ጉድጓዱን አስዘጋ። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ዋናው መንገድ ሌላ አቅጣጫ ያዘና ተራራው ላይ ትቷት ሄደ። ሰው ሲሄድ የወርቅ ቆፋሪዎቹ አህዮች ቀሩ። ቁማሩን የበሉት እነሱ ናቸው። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ጎዳናውን ይዘው ይቆማሉ፤ መኪና ይጠብቃቸዋል፤ ሰው ከሱቅ መኖ ገዝቶ በእጁ ያጎርሳቸዋል፤ ከጎናቸው ፎቶ ይነሳል። በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ፤ እንደዚህ ያለ የዱር አህያ ማሳደድም መግደልም ይከለክላል። እኛም ነውር ብቻ አልሠራንም፤ ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ ሕዝቡ ባሰማው ተቃውሞ በ2009 ዓ.ም ተዘግቶ ነበር። ግን ያ እንዳትበላ ነው። እንዳትጫን የሚል ሕግ ገና አላየንም።

ሰው ሁሉ ጆሯቸውን ሲያሻሽ እኔ ልማዴ አሸነፈኝ። የአንዷን ከንፈር ገልቤ ጥርሷን አየሁ፤ የስምንት ዓመት ገደማ ትሆናለች። ሰኮናዋን አነሳሁ። ከዚያ ጀርባዋን ዳሰስኩ፤ ከትከሻዋ እስከ ጭራዋ፣ ተመልሼም ከጭራዋ እስከ ትከሻዋ። ፀጉሩ ሙሉ ነው። ወደ ሁለተኛዋ ሄድኩ፣ ወደ ሦስተኛዋ። አንዳቸውም አልገጠቡም። ሃያ ዓመት የዳባትን ገበያ የአህያ ጀርባ ሳጥብ፣ ሳደርቅ፣ ባለቤቱን «ሁለት ሳምንት አሳርፋት» ስለው «ሁለት ሳምንት እኔን ማን ያሳርፈኛል?» ሲለኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጀርባዋ ያልገጠበ ትልቅ አህያ በእጄ ስዳስስ የመጀመሪያዬ ነው። አንዲት አሜሪካዊት ያቀፍኳት መስሏት ፎቶ አነሳችን።

«ምን ሆንክ?» አለኝ አብሮ አደጌ።

«ምንም። አቧራው ነው።»

ስንመለስ መሽቷል። እሱ ሳሎን ምንጣፍ ላይ በሆዱ ተኛና ሸሚዙን ሰቀለ። ጠዋት የዳሰስኩት የወገብ መደገፊያ ነው፤ ብረት ያለበት ሰፊ ቀበቶ። ካርታ ማደል ከመጀመሩ በፊት ስምንት ዓመት ሻንጣ ጭኖ አውርዷል። ሚስቱ ቅባት ይዛ መጣች፤ ሥራዬ ስለሆነ ተቀብያት እኔ አሸሁት። «አህዮቹ ደስ አሉህ?» አለኝ ፊቱን ከምንጣፉ ሳያነሳ። ደስ አሉኝ አልኩት።

አራት ሰዓት ላይ ሰደሪያውን ለብሶ ወጣ። እማማ መስኮት ሥር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ጠበቁና ወደኔ ዞሩ፤ ደባርቅ መናኸሪያ ማለዳ ሰው የሚጠያየቀውን፣ እኔም ከአገር ልወጣ ስል ከጎንደር እስከ አዘዞ ሦስት ቦታ የተጠየቅኩትን ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ መንገዱ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

ከቤቱ እስከ ካዚኖው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።