ትንቢትና ትንበያ

ትንቢት፥ ነቢይ፥ ትንበያ የሚሉት ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው፤ ሥራቸውም ተነበየ የሚለው የግእዝ ግሥ ነው። ሥራቸው አንድ ይሁን እንጂ ፍሬያቸው አንድ አይደለም። ትንቢት ለተላከ ሰው ከላይ የሚሰጥ ቃል ነው፤ ትንበያ ግን ሰው በዐይኑ ያየውንና በመሣሪያ የለካውን ካለፈው ጋር አስተያይቶ፥ ነገ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ብሎ የሚሰጠው አሳብ ነው። በአገራችን የነፋስንና የዝናምን ነገር አስቀድሞ መናገር «የአየር ጠባይ ትንበያ» ስለሚባል፥ ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው አይታጣም። ትንበያው የሰመረ ቀን ተናጋሪውን እንደ ነቢይ ያከብረዋል፤ ያልሰመረ ቀን ደግሞ እንደ ሐሰተኛ ነቢይ ይዘብትበታል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ስሕተቱ በቃል ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ውኃ ለሚገባ ሰው ዋጋው ነፍስ ሊሆን ይችላል።

ይህን ልዩነት በግልጥ ካስተማሩት ሰዎች አንዱ ሮበርት ፊትዝሮይ የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር መኰንን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ፊትዝሮይ ከ1831 እስከ 1836 ቢግል የተባለችውን መርከብ እየመራ፥ ቻርልስ ዳርዊንን ይዞ ዓለምን ዞሯል። በ1854 የአየርን ጠባይ የሚመረምር አዲስ የመንግሥት ክፍል በለንደን ሲቋቋም አለቃ ሆኖ ተሾመ። በ1859 በኦክቶበር ወር ሮያል ቻርተር የምትባል መርከብ ከአውስትራልያ መንገደኞችንና ወርቅ ጭና መጥታ፥ ወደ ሊቨርፑል ልትገባ ጥቂት ሲቀራት፥ በዌልስ በአንግልሲ ደሴት ጠረፍ በዐውሎ ነፋስ ተሰበረች። ከ400 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። ፊትዝሮይ ይህን አይቶ፥ ነፋስ ምንም ቢፈጥን ቴሌግራፍ ይቀድመዋልና ወሬው ለወደቦች አስቀድሞ ሊነገር ይገባል ብሎ ተነሣ።

በፌብሩዋሪ 1861 ለወደቦች ማስጠንቀቂያ መላክ ጀመረ። ወሬው የደረሰው ወደብ በረጅም ምሰሶ ላይ የሾጣጣ ቅርጽ ያለው ምልክት ይሰቅላል፤ ጫፉ ወደ ላይ የሆነ እንደ ሆነ ብርቱ ነፋስ ከሰሜን፥ ወደ ታች የሆነ እንደ ሆነ ከደቡብ ይመጣል ማለት ነው። ፊደል ያልቈጠረ ዓሣ አጥማጅም ይህን ማንበብ አይሳነውም። በዚያው ዓመት በኦገስት 1 ቀን ደግሞ ታይምስ በተባለው ጋዜጣ ለሕዝብ የሚሆን የዕለት ትንበያ ማውጣት ጀመረ። ለዚህ ሥራ ስም ሲመርጥ ትንቢት ከሚለው ቃል ሸሸ፤ በ1863 በታተመው መጽሐፉም፥ ነገሩ ትንቢት ሳይሆን በዕውቀት ከተሰበሰበና ከተሰላ ነገር የሚወጣ አሳብ መሆኑን ገለጠ።

ሰሚው ግን ነቢይ ፈለገ። ትንበያው በተሳሳተ ጊዜ በጋዜጣ ቀለዱበት፤ ከሊቃውንትም ሥራው በቂ መሠረት የለውም ብለው የነቀፉት ነበሩ። ሕመምና ዕዳ፥ የልብም ሐዘን ተደራርበውበት በኤፕሪል 30 ቀን 1865 በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። በ1866 መጨረሻ የወደቦቹ ማስጠንቀቂያ ተቋረጠ። ያን ጊዜ ግን ጕዳቱ የተሰማቸው በባሕር የሚኖሩት ሰዎች ነበሩ፤ አቤቱታቸውም ስለ በዛ በ1867 ምልክቱ ተመልሶ ተሰቀለ። ሊቃውንቱ የጠየቁት የማይሳሳት ቃል ነበር፤ መርከበኛው ግን ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ የሚገኝ ምክር በቃው። ሁለቱን ያለያያቸው የዕውቀት ማነስና መብዛት አይደለም፤ አንዱ በወንበር ላይ ሲቀመጥ ሌላው በማዕበል ላይ መቀመጡ ነው።

በፊትዝሮይ ዘመን የነፋስ ትንበያ ይሰማ የነበረው ከነፋስ ለመሸሽ ነበር። ዛሬ ግን ነፋስን ለማግኘት ትንበያ የሚጠብቅ ሰው አለ። በ1960ዎቹ ዓመታት በካሊፎርንያ ሸራን በሰሌዳ ላይ ተክሎ፥ ቆሞ በውኃ ላይ መጋለብ ተጀመረ፤ ዊንድሰርፊንግ ይሉታል። በ1984 በኦሊምፒክ ውድድር ገባ። ይህን ጨዋታ የሚወድ ሰው ጠዋት ሲነሣ አስቀድሞ የሚያየው የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ ነው። ፍጥነቱ በኖት ይቈጠራል፤ 1 ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ነገር ግን ቍጥሩን ማንበብና ቍጥሩን መረዳት ይለያያሉ። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው፤ ስለዚህ ነፋሱ ከ10 ኖት ወደ 20 ኖት ቢያድግ፥ በሸራው ላይ የሚያርፈው ኀይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

ከፍጥነቱም ይልቅ የሚያታልለው አቅጣጫው ነው። ከየብስ ወደ ውኃ የሚነፍስ ነፋስ በዳር ለቆመው ሰው ለስላሳ ይመስላል፤ ኮረብታው፥ ዛፉና ቤቱ ይከልሉታል፥ ውኃውም በዳሩ ሞገድ ስለሌለው ዝም ያለ ነው። ሰሌዳው ጥቂት ከራቀ በኋላ ግን ነፋሱ እየበረታ፥ ሞገዱም ከፍ እያለ ይሄዳል፤ መመለሻውም ነፋሱን መቃወም ይሆናል። የደከመ ሰው በዚያ ቢወድቅ፥ ነፋሱ ከየብስ እያራቀ ይወስደዋል። የዋህ መስሎ የሚቀርብ ነፋስ እንዲህ ነው።

ነፋስ ደግሞ እንደ ሰው ተወላጅ አለው፤ ከሩቅ የሚመጣ እንዳለ ሁሉ በአንድ ሸለቆ ተወልዶ በዚያው የሚሞትም አለ። በኢጣልያ ሰሜን የሚገኘው የጋርዳ ሐይቅ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የሰሜኑ ጫፍ በረጃጅም ተራሮች መካከል የጠበበ ነው። ሌሊት በተራሮቹ የቀዘቀዘው አየር ከብዶ በሸለቆው ይወርዳል፤ ከሰሜን የሚነፍሰው ይህ የጠዋት ነፋስ ፔለር ይባላል። ቀን ፀሐይ ሸለቆውንና የተራሮቹን ገጽ ስታሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፥ በፈንታውም የሐይቁ አየር ከደቡብ ይሳባል፤ ከእኩለ ቀን ጀምሮ የሚነፍሰው ይህ ደግሞ ኦራ ይባላል። በሴፕቴምበር 1786 ጐቴ የተባለው የጀርመን ባለቅኔ፥ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከቶርቦሌ ተነሥቶ በሁለት ቀዛፊዎች ጀልባ ወደ ደቡብ ይጓዝ ነበር። መጀመሪያ ነፋሱ ረዳቸው፤ በኋላ ግን ተገለበጠና በማልቼዚኔ እንዲወርዱ ግድ ሆነባቸው። በዚያም የጥንቱን ግንብ ሥዕል ሲነድፍ ሰላይ ነው ተብሎ ሕዝብ ከበበው፤ ነገሩን አስረድቶ ተለቀቀ። ነፋሱ ባይገለበጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰበት ነበር።

ዛሬ ለዓለም ሁሉ የሚሠራው የስሌት ትንበያ ምድርን ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ክፍሎች ከፋፍሎ ይመለከታል፤ የጋርዳ ሰሜናዊ ጫፍ ግን ስፋቱ ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ተራራውና ሐይቁ በስሌቱ ተቀላቅለው አንድ መካከለኛ ምድር ይሆናሉ፤ የሸለቆው ተወላጅ ነፋስም ከቍጥሩ ውስጥ ይጠፋል፥ ወይም ደክሞ ይታያል። ጠባብ ክፍል የሚያሰላው የአካባቢ ትንበያ ይህን በመጠኑ ያርመዋል። የአገሩ ጀልበኛ በበኩሉ ጧት ደመና ቢበዛ ኦራ እንደሚደክም፥ ብርቱ የሰሜን ነፋስ ተራራውን ተሻግሮ ቢመጣም እንደሚቀር ያውቃል። እርሱም ቢሆን ትንበያውን አይንቅም፤ ሩቁን ዐውሎ ከዳር ቆሞ ሊያይ አይችልምና። የስሌቱ ዐይን ሩቅ ያያል፥ የጀልበኛው ዐይን ቅርብ ያያል፤ ሁለቱን ዐይኖች አንድ ያደረገ ሰው በደኅና ወጥቶ የመመለስ ተስፋው ይበዛለታል።

የሰማይን ፊት አይቶ መለየት ለሰው እንደሚቻለው ወንጌል አልካደም፤ የወቀሰው ይህን ለይቶ የሚበልጠውን አለመለየትን ነው። ትንበያን እንደ ትንቢት የሚሰማ ሰው ዐይኑን ይጨፍናል፤ እንደ ቀልድ የሚሰማውም ጆሮውን ይደፍናል። እንደ ምክር የሚሰማው ግን ሰምቶ፥ ወደ ዳሩ ወርዶ ውኃውን ያያል፥ በዚያ የሚኖረውን ሰው ይጠይቃል፥ መቅረት በሚገባው ቀንም ሳያፍር ይቀራል።

በ2002 ለመርከበኞች በሚነገረው የእንግሊዝ ትንበያ ውስጥ ቀድሞ ፊኒስቴር ይባል የነበረው የባሕር ክፍል ፊትዝሮይ ተብሎ ተሰየመ። ነቢይ ነኝ ሳይል ስለ ነፋስ የተናገረው ሰው፥ ስሙ ዛሬም ከነፋሱ ወሬ ጋር ይጠራል።