በመጸው ወራት ስለ ተጠለፈ የመሶብ ልብስ

ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ወራት በሊቃውንት አቈጣጠር መጸው ይባላል። በአውሮፓ አገር በዚሁ ወራት ቅጠል ይረግፋል፤ ቀኑ ያጥራል፤ ሰውም ብርዱን ሸሽቶ ወደ ምድጃው ይጠጋል። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምድር በክረምት የጠጣችውን በአበባ የምትመልስበት፥ የወንዙ ድፍርስ የሚጠራበት፥ አዝመራው ገና ማጭድ ሳይደርስበት በማሳው ላይ የሚወዛወዝበት ጊዜ ነው። ከዚሁም ወራት የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። በከተማ የሚኖረውም ሰው በክረምት የሻገተውን ልብስ ለፀሐይ ያሰጣል፤ ተዘግቶ የከረመውን መስኮት ይከፍታል። መርፌ ለሚይዝ ሰው በዓመቱ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ብርሃን አይገኝም፤ የክረምቱ ብርሃን ይደበዝዛልና፥ የበጋውም ዓይን ይወጋልና።

ጥልፍን ከጥበብ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥበብ ሸማኔው ሸማውን ሲሠራ ከድሩና ከማጉ ጋራ አብሮ የሚያስገባው ኅብር ነው፤ ጥልፍ ግን ልብሱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመርበት ነው። ጠለፈ የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ፊት አለው። ወራጅ ውሃን ከመንገዱ መልሶ ወደ እርሻ ማግባት መጥለፍ ነው፤ የሰውን ልጅ ያለ ፈቃድዋ ይዞ መሄድም መጥለፍ ነው፤ ክርን ከጨርቅ ጋራ ማያያዝም መጥለፍ ነው። በሦስቱም ውስጥ በራሱ መንገድ ሊሄድ የነበረውን ነገር ይዞ ወደ ሌላ ማዞር አለ። ስለዚህ ቃሉን አንዱ በደስታ፥ አንዱም በእንባ ሊሰማው ይችላል።

ከጥልፍ ዐይነቶች ለጀማሪ የሚቀለው የመስቀል ጥልፍ ነው። ይኸውም ቀዳዳው በሚቈጠር ጨርቅ ላይ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም የሚመረጠው በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ቤት ያለው ነው። ክሩ ከስድስት ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ሲሆን፥ ጠላፊዋ ከስድስቱ ሁለቱን ለይታ በመርፌ ትሰካለች። ከዚያም ከአንዱ ቤት ማእዘን ወደ ማዶው ማእዘን አንድ ጊዜ ታሻግራለች፤ ሁለተኛውን ክር በላዩ ታሻግራለች፤ መስቀልም ይሆናል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው። ዳሩ ግን ወርዱም ቁመቱም 140 ቤት የሆነ ሥዕል፥ ስፋቱ ከ25 ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ሆኖ ሳለ፥ ቤቱ ሁሉ ቢሞላ 19,600 መስቀል ይፈልጋል። አንድ ሕግም አለው፤ በላይ የሚውለው ክር ከመጀመሪያው ቤት እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ወገን ማዘንበል አለበት። ክሩ ብርሃን የሚመልስ ስለ ሆነ፥ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ያዘነበለ እንደ ሆነ፥ ቀለሙ አንድ ሲሆን ሁለት ይመስላል።

እጅ በስፌቱ ይታወቃል። በለንደን ከተማ ባለው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሁለት ልብሶች አሉ። አንዱ ልዩ ልዩ የስፌት ዐይነት የተሞከረበት ጨርቅ ነው፤ ጄን ቦስቶክ የተባለች እንግሊዛዊት ስምዋንና በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1598 የሚለውን ዓመት በመርፌ ጽፋበታለች። ሁለተኛው በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ወታደሮች ከመቅደላ የተወሰደ፥ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ነበረ የሚባል፥ በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ነው። በ2010 ዓ.ም. የመቅደላው ዘመቻ 150ኛ ዓመት በታሰበ ጊዜም ለሕዝብ ታይቶ ነበር። በዚህ ቀሚስ ላይ የጠላፊው ስም የለም። እጁ ግን አለ፤ ክሩን ያጠበቀበትም ያላላበትም ቦታ እስከ ዛሬ ይታያል። እንግዲህ ስም የሌለው እጅ እንኳ ይህን ያህል ዘመን የሚናገር ከሆነ፥ የታወቀ ሰው እጅማ እንዴት አይናገር?

በአዲስ አበባ ከተማ፥ ከአንድ ደብር አጠገብ፥ አንድ አረጋዊ መሪጌታና ባለቤታቸው ይኖራሉ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እርስዋም ለሁለት ዓመት ሥራ ተዋውላ ወደ ኩዌት ሄደች። ስትሄድ በሣጥን ውስጥ እኩሌታው የተጠለፈ የመሶብ ልብስ ትታ ነበር። በመካከሉ ቀይ መስቀል አለ፤ ዙሪያውን አደይ አበባ ሊከበው የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን አበባው ከአንድ ወገን ብቻ ተጠልፎ ቀርቷል። የተረፈውም ክር በየቀለሙ ተጠቅልሎ አብሮ ተቀምጧል። ሁለቱ ዓመት ሲፈጸም ልጅቱ ውልዋን በአንድ ዓመት እንዳራዘመች ላከች። ይህም ወሬ የደረሰው በመስከረም ማለቂያ፥ እናት ቤቱን ለልጃቸው ሲያሰናዱ ነበር።

ወይዘሮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥጥ ፈትለዋል እንጂ ጥልፍ ይዘው አያውቁም። ዳሩ ግን የተሰናዳ ቤት ያለ እንግዳ ሲቀር ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልምና፥ ሣጥኑን ከፍተው ያን ልብስ አወጡ። ጎረቤታቸው የሆነች ሴት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጣ አሳየቻቸው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ቡናው ከተነሣ ወዲያ፥ መነጽራቸውን አድርገው በመስኮቱ አጠገብ ይቀመጡ ጀመር። መጀመሪያ ኀዘን ነበረ፤ ኋላ ግን ሳያስቡት ደስታ ሆነ። መቍጠር ሐሳብን ይሰበስባል፤ አምስት ቤት ወደ ላይ፥ ሦስት ቤት ወደ ጎን የሚል ሰው በዚያች ሰዓት ስለ ሌላ ነገር ሊጨነቅ አይችልም። አደዩ በውጭ ሲጠወልግ በጨርቁ ላይ ይፈካ ነበር። መሪጌታም ቅዳሜ ማታ ለማኅሌተ ጽጌ ወጥተው እሑድ ጧት ሲመለሱ፥ ስንት አበባ እንደ ተጨመረ ሳይጠይቁ ቍርስ አይቀርቡም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ፀሐይ በመስኮቱ በቀጥታ ገብታ በጨርቁ ላይ ዐረፈች። ያን ጊዜ ወይዘሮዋ በልጅቱ ሥራና በእርሳቸው ሥራ መካከል የእርሻ ወሰን የመሰለ መሥመር አዩ። ቢጫው ክር ያው ነው፤ ጥቅሉም ያው ነው፤ ነገር ግን የልጅቱ አበባ ያበራል፥ የእርሳቸው ይጠቍራል። ሥራውን ወደ ብርሃን አዘንብለው ቢመለከቱ፥ የልጅቱ ክር ሁሉ ወደ ቀኝ፥ የእርሳቸው ሁሉ ወደ ግራ ያዘነበለ ሆኖ አገኙት።

ይህን ለመሪጌታ ቢያሳዩአቸው፥ ሊያጽናኑአቸው ወድደው፥ «በዚህ ምን ያስጨንቅሻል? እኛስ በማኅሌት ግራና ቀኝ ሆነን ፊት ለፊት አይደለም የምንቆመው? አንዱ ወገን ወደዚህ ሲያዘነብል ሌላው ወደዚያ ያዘነብላል፤ ማኅሌቱ ግን አንድ ነው» አሉአቸው።

ወይዘሮዋም ጥቂት አስበው፥ «ደግ ብለዋል። ነገር ግን እርስዎ በአንድ ዜማ ቢመሩና ተቀባዩ በሌላ ዜማ ቢቀበል ምን ይላሉ?» ብለው ጠየቁ።

መሪጌታ መልስ አላገኙም።

በማግሥቱ ወይዘሮዋ እንደ ልጅቱ አድርገው ሊጠልፉ ሞከሩ። እጃቸው እንቢ አለ። መርፌው በለመደበት ይሄዳል፤ ወደ ሌላው ሲመልሱት ክሩ ይጠመዘዛል። በዚህ ሲደክሙ ሳሉ ጨርቁን ለማዞር መርፌውን ወደ ግራ እጃቸው አሳለፉት፤ እንደዚያው በግራ እጃቸው አንድ መስቀል ቢያሻግሩ ወደ ቀኝ አዘነበለ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ወይዘሮዋ መርፌውን በጨርቁ ላይ ሰክተው ብዙ ጊዜ ሳይነሡ ተቀመጡ።

ልጅቱ በሕፃንነትዋ ግራኝ ነበረች። እንጀራ በግራ ስትቈርስ በእንግዳ ፊት ያሳፍራል ተብሎ፥ በገበታ ጊዜ ግራ እጅዋን እናትዋ በመቀነት ከወገብዋ ጋራ ያስሩት ነበር። ይህም በክፋት የተደረገ አልነበረም፤ በብዙ ቤት የሚደረግ ነውና እንደ ሥርዓት ይቈጠር ነበር። ልጅቱም እያለቀሰች በቀኝዋ መብላትን፥ በቀኝዋ መጻፍን ተማረች፤ ነገሩም ተረሳ። የረሱት ግን ያሰሩት ናቸው።

ልጅቱ በዕረፍትዋ ቀን በስልክ በጠራች ጊዜ እናት ልብሱን አንሥተው በስልኩ መስኮት አሳዩአትና፥ «ልጄ፥ ይህን ስትጠልፊ በየትኛው እጅሽ ነበር?» አሉአት።

ልጅቱ ጥቂት ዝም አለች። «በግራዬ ነው፥ እማዬ። አንቺ ከተኛሽ በኋላ ነበር የምጠልፈው። በቀኜ አልሆን ቢለኝ ጊዜ ነው።»

«እጅሽን ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«እሱማ አልፏል። እዚህ አገር ልብስ የምተኵሰውም በግራዬ ነው፤ የሚያየኝ ሰው የለም» አለችና ሳቀች። እናት ግን የሚያየኝ ሰው የለም ያለችው ቃል ከሳቁ በኋላ በጆሮአቸው ቀረ።

መሪጌታም ይህን በአጠገብ ሆነው ሰምተዋል። በመጽሐፈ መሳፍንት ከብንያም ነገድ 700 የተመረጡ ግራኞች እንደ ነበሩ፥ ድንጋይ ሲወነጭፉም ጠጕር እንኳ እንደማይስቱ ተጽፎ ይገኛል። እርሳቸው ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አንብበውታል፤ ለስንት ደቀ መዝሙርም ነግረውታል። ነገር ግን የገዛ ልጃቸው እጅ በመቀነት ሲታሰር በዚያው ገበታ ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም። ያን ማታ እራት አልበሉም።

ወይዘሮዋ በማግሥቱ መቀስ አምጥተው የሦስት ሳምንት ሥራቸውን መፍታት ጀመሩ። ጎረቤቲቱ አይታ፥ «የራስዎን ከሚፈቱ የልጅቱን ትርፍራፊ ፈትተው በእርስዎ አኳኋን ቢያስተካክሉት አይቀልም?» አለቻቸው። በውነቱ የሚቀለው ይህ ነበር፤ የልጅቱ አበባ ከእርሳቸው ያነሰ ነበርና። እርሳቸው ግን፥ «አንድ ጊዜ አስተካክያታለሁ፤ ይበቃል» ብለው መፍታታቸውን ቀጠሉ። የፈቱት ክር ተበጣጥሶ ለሥራ የማይሆን ሆነ፤ በጥቅሉ ወረቀት ላይ የቀለሙ ቍጥር ተጽፎ ስለ ነበረ ግን፥ መሪጌታ ወረቀቱን በኪሳቸው ይዘው ወደ መርካቶ ሄዱና ያንኑ ቍጥር ፈልገው አመጡ። ለሌላ ጉዳይ ሱቅ ለሱቅ መዞርን የማይወዱ ሰው ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ሥራው እንደ ገና ተጀመረ፤ አሁን ግን በግራ እጅ ነው። ቀድሞ በቀን አንድ አበባ ይጨርሱ የነበሩት ወይዘሮ ለአንድ አበባ አራት ቀን ያስፈልጋቸው ጀመር። ጣታቸው ይወጋል፤ ክሩ ይቋጠራል፤ የለመዱት ቀኝ እጅም ሥራውን ሊቀማ ይነሣል። ወይዘሮዋ ያን ጊዜ አንድ ሕፃን እንጀራ ለመቍረስ ምን ያህል እንደ ደከመች በገዛ ጣታቸው ዐወቁ። ዘመነ ጽጌ አለፈ፤ በገጠር አጨዳው ተጀመረ፤ የኅዳር ብርድም መጣ። አበባው ግን ከልጅቱ አበባ ጋራ አንድ ሆኖ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ይሄድ ነበር። ወሰኑም ጠፋ።

ጨርቁን ገልብጦ ላየው ሰው ግን አልጠፋም። በልጅቱ ወገን ጀርባው የጠራ ነው፤ ክሩ በሥርዓት ይሄዳል፤ መጨረሻውም በስፌቱ ሥር ተሸሽጓል። በእናትየው ወገን ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ ነው። በቅኔ ቤት ሰሙ በላይ ሆኖ ወርቁ ከውስጥ ይሸሸጋል። በዚህ ልብስ ደግሞ ውበቱ በፊት ሲታይ ድካሙ በጀርባ ተሸሽጎ ነበር፤ ከሁለቱ ወርቁ የትኛው እንደ ሆነ ለመናገር አስቸጋሪ ነው።

መጸው ሊፈጸም ጥቂት ቀን ሲቀረው የመጨረሻው አበባ ተፈጸመ። ወይዘሮዋም ከማእዘኑ በቀይ ክር የልጃቸውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ጠለፉበት። ልብሱም ለልደት በዓል በመሶቡ ላይ ተዘረጋ። መሪጌታ ጽሕፈቱን ካነበቡ በኋላ፥ «ያንቺ ስምስ የት አለ?» ብለው ጠየቁ።

«የእኔ በጀርባው አለ» አሉ ወይዘሮዋ።

መሪጌታ የልብሱን ጫፍ ገልበጥ አድርገው ቋጠሮውን አዩ፤ በመዳፋቸውም ዳሰሱት። ከዚያም መልሰው አስተካክለው እጃቸውን ለመታጠብ ተነሡ።