እጅ ያቆየው ባቡር

ከሲልቨር ስፕሪንግ የተነሳነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ጥቅምት ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ ጋቢ ተከናንባ ተኝታለች። ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች አምስት ሰዓት ያህል ነዳሁ። ወደ መጨረሻው ስልኬ ኔትወርክ አጣ። አካባቢው እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የራዲዮ ሞገድ የተገደበበት ቀጠና ነው፤ ግሪን ባንክ ላይ የቆመው ግዙፍ ቴሌስኮፕ ከሰማይ የሚመጣውን ስስ ሞገድ ሳይረበሽ እንዲያዳምጥ ነው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው የባቡሩን ፉጨት የሰማነው።

የሄድንባት ካስ በግሪንብራየር ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1901 የቆረቆራት የዌስት ቨርጂኒያ ፐልፕ ኤንድ ፔፐር ኩባንያ ነው። ነጭ የተቀቡት፣ አንድ ዓይነት የሆኑት የሠራተኛ ቤቶች ዛሬም ተሰልፈው ቆመዋል። ኩባንያው ከተራራው ላይ ስፕሩስ የሚባለውን፣ እንደ እኛ ጽድ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ ዛፍ እየቆረጠ በባቡር ያወርድ ነበር። ግንዱ እዚሁ ይሰነጠቅ፣ ለወረቀት የሚሆነውም ኮቪንግተን ወዳለው ፋብሪካ ይሄድ ነበር።

የተቆረቆረችበትን ዓመት ሳነብ ቆም አልኩ። የተወለድኩባት ድሬዳዋ ከካስ ጋር እኩያ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሀዲድ እዚያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማዋንም የወለዳት እሱ ነው። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በምድር ባቡር ወርክሾፕ፣ ቶርኖ ላይ ነው። ማታ ሲገባ ቱታው ግራሶ ግራሶ ይሸት ነበር። ካስ ጣቢያ ላይ ያ ሽታ ተቀበለኝ።

የሚወስደን 5 ቁጥር ሻይ ነበር። ሻይ የባቡሩ ዓይነት ስም ነው፤ ኤፍሬም ሻይ የተባለ የሚቺጋን እንጨት ነጋዴ የፈጠረው ስለሆነ በስሙ ተጠራ። ይህኛው እ.ኤ.አ. በ1905 ተሠርቶ እዚሁ መስመር ላይ የኖረ ነው። ልጄን ይዤ በቀኝ ጎኑ ዞርኩ፤ ሚስጥሩ ያለው በዚያ በኩል ነውና። ሦስት ሲሊንደሮች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ከእነሱ ሥር ረጅም ዘንግ ከፊት እስከ ኋላ ተዘርግቶ በየጎማው ላይ ካለ ማርሽ ጋር ተናክሷል። እንደ ተራ ባቡር ጥቂት ጎማዎች ብቻ ሳይሆኑ ሁሉም ይገፋሉ። በየ100 ሜትሩ እስከ 11 ሜትር የሚነሳውን ዳገት የሚወጣው በዚህ ጉልበት ነው።

አንድ ሸምገል ያለ ሠራተኛ አንገተ ረጅም የዘይት ማጠጫ ይዞ በየማርሹ መሃል ያንጠባጥባል። መለዋወጫ ከየት እንደሚያገኙ ጠየቅሁት።

«የሚሸጥ የለም። የተበላውን ራሳችን እንሠራለን» አለኝ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

ከበላዩ አንድ ሃያ ዓመት የማይሞላው ወጣት የድንጋይ ከሰሉን በአካፋ እያፈሰ እሳቱ ውስጥ ይበትናል። ሽማግሌው ቀና ብሎ ያየዋል፤ አንዳንዴ በጣቱ ብቻ ያመለክተዋል። ወጣቱም አካፋውን ወደ ማዕዘኑ ያዞራል።

የተሳፈርንበት ፉርጎ ድሮ ግንድ ይጫንበት የነበረ ነው፤ ጣሪያና አግዳሚ ወንበር ተሠርቶለታል። ባቡሩ ከኋላችን ሆኖ ይገፋናል። ድምፁ የሚጋልብ ፈረስ ይመስላል፤ አካሄዱ ግን የሰው ሶምሶማ ነው። ዳገቱ ሲጠና መስመሩ ዚግዛግ ይሆናል። ባቡሩ ሹካ የመሰለ ቦታ ላይ አልፎ ይቆማል፤ ሀዲዱ ይቀየርና በተቃራኒው አቅጣጫ መውጣቱን ይቀጥላል። ልጄ ወደ ኋላ የተመለስን መስሏት ክንዴን ያዘችኝ። ቁልቁል ስታይ የመጣንበትን ሀዲድ ከሥራችን አገኘችው።

ዊተከር የሚባል ጣቢያ ላይ ቆመን የእንጨት ቆራጮቹን ካምፕ አየን። በባቡር ተጭነው ከጫካ ጫካ ይዛወሩ የነበሩ ጠባብ የእንጨት ክፍሎች ናቸው። ከዚያ እስከ ቦልድ ኖብ ጫፍ፣ ከካስ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣን። ከፍታው 1,475 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ በብዙ ዝቅ ቢልም ብርዱ አጥንት ይገባል። ተጨፍጭፎ የነበረው ተራራ እንደገና ለብሷል። ድሮ ግንድ ሲያወርድ የኖረው ባቡር ዛሬ ሰው የሚያወጣው ዛፉን ለማሳየት ነው።

ይህ ሁሉ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። መሰንጠቂያው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲዘጋ ሀዲዱ ለቁርጥራጭ ብረት ታስቦ ነበር። ባቡር ወዳዶችና የአካባቢው ሰዎች ጮኹ፤ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ገዛው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች ተሳፈሩ። በእኔ እምነት ግን ካስን ያዳናት ግዢው ብቻ አይደለም። የተገዛው ብረት ነው፤ ብረቱን ያቆየው የሽማግሌው እጅ ነው፤ የሽማግሌውን እጅ የሚያቆየው ደግሞ ያ አካፋ የያዘው ልጅ ነው። ቅርስ እንዲህ ካልተወረሰ፣ ቢያጥሩትና ቀለም ቢቀቡትም ዝገት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ያሉት እጆች ሳያርፉ ይህ ቢገባን ምንኛ በወደድኩ።

ስንመለስ ቀጠናውን አልፈን ስልኬ ኔትወርክ ሲያገኝ መኪናዬን ዳር አቆምኩ። ድሬ ላይ ሌሊት ነው፤ አባቴ ግን እንቅልፍ ከራቀው ቆይቷል። ስለ ሦስቱ ሲሊንደሮች፣ ስለ ዘንጉ፣ ስለ ማርሹ አንድ በአንድ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

«መለዋወጫውን ማን ይሠራላቸዋል?»

«ራሳቸው ናቸው፣ አባዬ።»

ትንሽ ቆየና፣ «የሚማር ልጅ አላቸው?» አለኝ።

«አላቸው» አልኩት።

«ተመስገን» አለ፤ የገዛ ወርክሾፑን ወሬ የነገርኩት ይመስል።