የባርካው ጎመን

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ልጄን ልጠይቅ ኦማን ሄጄ 3 ወር ተቀመጥኩ። ከባለቤቷና ከትንሿ ልጇ ጋር የምትኖረው ባርካ ነው፤ ከሙስካት በስተምዕራብ፣ ባቲና በሚባለው የባሕር ዳርቻ። ለእሷ በርበሬና ሽሮ፣ ለልጅ ልጄ ከጓሮ የሚቀጠፍ ጎመን እንድታይ ዘር ያዝኩ። በሆዴ ደግሞ «መቼ ነው የምትመለሺው?» የሚል ጥያቄ ነበረኝ።

ጎመኑ በቀለ። በ3ኛው ሳምንት ግን የቅጠሉ ጠርዝ እንደ ተቃጠለ ሆነ። ጠዋት ማታ ከጉድጓዱ አጠጣለሁ፤ አፈሩ እርጥብ ነው፤ ጎመኑ ግን ይጠወልጋል። አፈሩ ሲደርቅ ላዩ ነጭ ይሆናል። በጣቴ ቀመስኩት፤ ጨው ነው።

የጤና ጣቢያ ሥራዬ ትዝ አለኝ። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እያልን ስናስተምር፣ «እናቶች፣ ጨው እንዳታበዙ!» እንል ነበር። የበዛ ጨው ውሃን ወደ ራሱ ይስባል። የተክል ሥርም ጨዋማ አፈር ውስጥ ውሃ መሐል ሆኖ ይጠማል።

የቴምር ማሳ ያላቸው ጎረቤታችን አዛውንት፣ ልጄ እየተረጎመችልኝ አጫወቱኝ። በልጅነታቸው የጉድጓዱ ውሃ ጣፋጭ ነበር። በፓምፕ ያለ ልክ ሲቀዳ የባሕሩ ውሃ በምድር ሥር ገባ። ሎሚያቸው ደረቀ፤ ጨው የሚችለው ቴምር ቀረ። «ባሕሩን የጠራነው እኛው ነን» አሉ።

ከፍየል ፍግና ከቴምር ቅጠል ለወራት የበሰበሰ ኮምፖስት ሰጡን። ትኩስ ፍግ ራሱ ጨው ስላለው አይሆንም አሉ። ኮምፖስት ጨውን አያጠፋም፤ አፈሩን ያላላና ጣፋጭ ውሃ ጨውን ይዞ ወደ ታች እንዲወርድ መንገድ ይከፍታል። መደቡን ከፍ አድርገን ኮምፖስቱን ቀላቀልን፣ በቧንቧ ውሃ ደጋግመን አጠብነው። ፀሐይ ጨውን መልሳ ወደ ላይ እንዳትስበው ላዩን ደረቅ ቅጠል ጎዘጎዝንበት። ከዚያ እንደገና ዘራሁ።

ልመለስ ሳምንት ሲቀረኝ የልጅ ልጄ የመጀመሪያውን ቅጠል ቀጥፋ ጥሬውን ነከሰችና «ይመራል!» አለች። ሲቀቀል ግን በላች።

በመጨረሻው ምሽት ልጄ «እማዬ፣ አሠራሩን ጻፊልኝ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይሆነኛል» አለችኝ። ለሚቀጥለው ዓመት። ጥያቄዬን ዋጥ አድርጌ፣ የኮምፖስቱን አሠራር ከፍግ እስከ ጉዝጓዝ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩላት።