ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፦ የኦቶና ተማሪዎች ማደሪያ

የዚህ ወር ጉዟችን ወደ ደቡብ ነው። የምንሄደው ግን ሐይቅና ፏፏቴ ለማየት ሳይሆን፣ ከየቤታችን የተነሱ ልጆች ሌሊቱን የት እንደሚያሳልፉ ለመመልከት ነው።

ወደ ወላይታ ሶዶ የሚያደርሱ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው በሻሸመኔ ዞሮ በሀላባ ቁሊቶና በቦዲቲ ያልፋል። ሁለተኛው ከቡታጅራ ተነስቶ ወራቤን፣ ሆሳዕናንና አረካን አቋርጦ ይገባል። በየትኛውም ቢመጡ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገደኛው በአንዱ የሀላባን፣ በሌላው የስልጤን መስጊዶች እያየ ይመጣና የእንሰቱ ጥላ ከግራና ከቀኝ ሲከበው ወላይታ መድረሱን ያውቃል። ከዚያ ዳሞታ ተራራ ብቅ ይላል። ሶዶ ይህን ተራራ ከኋላዋ አድርጋ፣ ዳገትና ቁልቁለት በዛ ባለበት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት።

ወላይታ እስከ 1887 ዓ.ም. ድረስ በራሱ ነገሥታት ሲተዳደር የኖረ፣ የመጨረሻው ንጉሡ ካዎ ጦና የነበሩበት አገር ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ ሶዶ የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። እዚህ ሰው ሲገናኝ “ሳሮ” ይባባላል። ትርጉሙ ሰላም ነው። ሰላምታውን በሰላም ለሚጀምር ሙስሊም እንግዳ ይህ ቃል ባዕድ አይሆንበትም።

ኦቶና

ኦቶና የሚለው ስም በከተማው ሰው አፍ ሁለት ነገር ነው፤ ሆስፒታልም፣ የትምህርት ግቢም። የሕክምናው ሥራ የተጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ ወላይታ በመጡ ሚሲዮናውያን ነው። ዛሬ ሆስፒታሉ የመንግሥት ሆኖ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥር የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዋናው ግቢ ጋንዳባ ይባላል። የጤና ተማሪዎች ግን የሚማሩት ኦቶና ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሕክምና የሚማር ልጅ ከበሽተኛ አልጋ ርቆ ሊማር አይችልም። የአዳር ተረኛ ሲሆን ሌሊት ይጠራል፤ ማለዳ ከሐኪሞች ጋር በየክፍሉ ይዞራል። ስለዚህ ለኦቶና ተማሪ መኝታው ከትምህርቱ ተነጥሎ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያድረው ዶርም ነው። ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ ሎከር፣ የጋራ መታጠቢያ፣ በየብሎኩ ፕሮክተር። በአንድ ክፍል አራትም፣ ስድስትም፣ ስምንትም ሆነው ይኖራሉ። ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎችን የሚመድበው ከመላ አገሪቱ በመሆኑ የሀላባው ልጅ ከጎጃሙ፣ የባሌዋ ልጅ ከአዲስ አበባዋ ጋር አንድ በር ይዘጋሉ። አንዱ ለሱብሒ ሲነሳ ሌላው ገና መተኛቱ ሊሆን ይችላል። መብራቱ መቼ ይጥፋ? ስልክ ማን ያውራ? ይህ ሁሉ ስምምነት ይጠይቃል። ልጁ ሳይሰናዳ ከሄደ የመጀመሪያው ፈተናው ከመምህሩ የሚመጣ ሳይሆን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር የሚገጥመው ነው።

ዶርሙ ነጻ የሚመስለው ወላጅም ብዙ ነው። ነጻ ግን አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ የተወሰነውን ክፍል፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። ካፌ የማይመገብ፣ ተማሪዎች “ነን ካፌ” የሚሉት፣ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይቀበላል። ይህ ውል በመጀመሪያው ዓመት የሚፈረም ስለሆነ ወላጅ ከልጁ ጋር ተቀምጦ ሊያነበው ይገባል። ዕዳ በእስልምና ቀላል ነገር አይደለምና!

ከግቢው አጥር ውጭ

ከዚህ የሚከብደው የዶርም ዕድል የሌለው ልጅ ጉዳይ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ሲጀምር ብዙ የገጠር ልጆች ዶርም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አደሩ። ውጤቱ ሲወጣ ግን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 3 ወይም 4 ብቻ ነበሩ። ለብዙዎቹ ያ የፈተና ሰሞን አልጋ የመጀመሪያቸውም የመጨረሻቸውም የዶርም አልጋ ሆነ ማለት ነው። ከነዚያ ውስጥ ብዙዎች ፊታቸውን ወደ ቴክኒክና ሙያ እንዲሁም ወደ ግል ኮሌጆች አዙረዋል። እነዚህ ደግሞ እንደ ዩኒቨርሲቲ አልጋና ካፌ አያቀርቡም፤ ተማሪው ቤት ተከራይቶ ይማራል።

የኪራዩን ኑሮ የገጠር ወላጅ ያውቀዋል። ከሁምቦ፣ ከቦሎሶ፣ ከኪንዶ የመጡ ሁለት ሦስት ልጆች ተዳብለው አንድ ክፍል ይይዛሉ። ዕቃቸው ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ ድስትና የከሰል ምድጃ ነው። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ስንቅ ከቤት ይመጣል፤ ቆጮ፣ በቆሎ፣ ስኳር ድንች፣ ጎዳሬ፣ በትንሽ ዕቃ የታሸገ ዳጣ። አውቶቡሱ የዘገየ ሳምንት ድስቱም ይዘገያል። ከተማዋ የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ ሠራተኛውም ቤት ፈላጊ ነውና ተማሪው ከደመወዝተኛ ጋር ለአንድ ክፍል ይሻማል።

ቤት አከራይና ተማሪ በር ላይ የሚነጋገሩት በየከተማው ተመሳሳይ ነው።

“ስንት ናችሁ ልጄ?”

“ሁለት ነን እማማ። እኔና እህቴ።”

“ውኃ በተራ ነው። ምድጃ በኤሌክትሪክ አይሆንም። በር ከሁለት ሰዓት በኋላ አልከፍትም።”

“እሺ እማማ፣ እንስማማለን።”

ይህቺ “እሺ” ብዙ ነገር ተሸክማለች። የማታ ትምህርት ያላት ልጅ ከሁለት ሰዓት በፊት እንዴት ትደርሳለች? በጨለማ ዳገቱን ማን ይሸኛታል? መጸዳጃው ከቤቱ ስንት እርምጃ ይርቃል? የበሩ መቀርቀሪያ ከውስጥ ይዘጋል? ሴት ልጁን የላከ ቤተሰብ ከኪራዩ ዋጋ አስቀድሞ እነዚህን ሊጠይቅ ይገባል። ብዙ እህቶች ትምህርት ያቋረጡት አእምሯቸው ደክሞ ሳይሆን ማደሪያ አጥተው ነው። ርካሽ ተብሎ የተያዘ ክፍል ልጅቷን ከትምህርቷ ካስቀረ ከሁሉ የተወደደው እሱ ነው።

ለሙስሊም ተማሪ ሌሎች ጥያቄዎችም ይጨመራሉ። ወላይታ በሥጋውና በቅቤው የታወቀ አገር ነው፤ ሙስሊሙ ግን የራሱን እርድ ይፈልጋል። በረመዳን ለሱሑር የሚነሳ ተከራይ እሳት ማንደድ አለበት፤ አከራይዋ አስቀድሞ ካልተነገራት በእኩለ ሌሊት ጭስ ብታይ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቤቱ ሲያዝ በግልጽ መንገር። ጎረቤቱ አብዛኛው ክርስቲያን በሆነበት አገር ከሁሉ የሚቀድመው ዳዕዋ መልካም ጉርብትና ነው። ውኃ በተራው የሚቀዳ፣ ግቢውን የሚጠርግ፣ ኪራዩን በቀኑ የሚከፍል ተማሪ ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ወንድሙ በር ከፍቶ ይሄዳል።

ማደሪያና ዕውቀት በታሪካችን

ውድ አንባቢያን! የተማሪ ማደሪያ ለሙስሊሞች አዲስ ነገር አይደለም። በመዲና በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ሱፋ የተባለ ጥላ ያለው ቦታ ነበር። ቤትና ዘመድ የሌላቸው ሶሓቦች እዚያ እያደሩ ይማሩ ነበር። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ከነሱ አንዱ ነበሩ። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የሁለት ሰው ምግብ ያለው ከሱፋ ሰዎች ሦስተኛ ይዞ እንዲሄድ አዘዙ። የመጀመሪያው “ካፌ” የመዲና ሰዎች ማዕድ ነበር ማለት ይቻላል።

በካይሮ አል-አዝሃር ደግሞ ተማሪዎች እንደየአገራቸው ሪዋቅ የሚባል ማደሪያ ነበራቸው። ከእኛ አካባቢ ለሚሄዱት የጀበርት ሪዋቅ ነበር። የግብጽ ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረህማን አል-ጀበርቲ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1753–1825) የዚህ ሪዋቅ ኃላፊዎች ከነበሩ ቤተሰብ ነው፤ ስማቸውም ከዚሁ አገራችን ጋር የተያያዘ ነው። በወሎም በዳናና በገታ ደረሶች ከሩቅ እየመጡ በጎጆ እያደሩ፣ የአካባቢው ሰው እህል እያዋጣላቸው ኪታብ ቀርተዋል። ዑለማዎቻችንን ያፈራው የሸይኾቹ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ያ እህልና ያ ጎጆም ጭምር ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ትልቅ ሕንፃ እስኪሠራ መጠበቅ የለብንም። በየግቢው ያለው የተማሪዎች ጀመዓ አዲስ ገቢውን ከመናኸሪያ ተቀብሎ ቤት እስኪያገኝ ሊያሳድረው ይችላል። በከተማው የሚኖር ሙስሊም ነጋዴ ከግቢው አንዲት ክፍል ለሁለት እህቶች በተመጣጣኝ ዋጋ ቢያከራይ ሰደቃ ነው። ከአንድ ወረዳ የመጡ ወላጆች ተነጋግረው አንድ ደህና ቤት በጋራ ቢይዙ ወጪው ይቀላል፤ ክትትሉም ይጠብቃል። አባትም ልጁን ሸኝቶ ከመናኸሪያ አይመለስ። ቤቱን ይይ፤ አከራይዋን ሰላም ይበል፤ ስልኳን ይያዝ። ተማሪውም በበኩሉ ሲቸግረው አይደብቅ። “ደህና ነኝ” እያለ የሚራብ ልጅ ወላጁን አልጠቀመም።

ነገ በኦቶና ሆስፒታል እናታችንን የምታዋልደው ሐኪም፣ ሰፈራችን ላይ መብራት የሚዘረጋው ባለሙያ፣ ዛሬ ማታ ከዳሞታ ግርጌ በአንዲት ክፍል ውስጥ መጽሐፍ ገልጠው ይሆናል። አላህ (ሱ.ወ.) ዕውቀታቸውን ጠቃሚ፣ ማደሪያቸውን ሰላም ያድርግላቸው። አሚን!